ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ጎልፍ የት ነው የሚመረጠው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጎልፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ የስራ ባልደረባዬ ሬንጅ (ኳስ መምታት የሚለማመዱበት ቦታ) ይዞኝ ሄደ፣ በዛው ቀረሁ። እስካሁን ግን ስላይጎ ክሪክ ከሚባለው ሜዳ አልወጣሁም፣ ለሰፈሬ ቅርብ ነው፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ስለሆነ በጠዋት ተጫውቼ ስራ እደርሳለሁ። አሁን ታላቅ ወንድሜ ከአገር ቤት ለሦስት ሳምንት ሊመጣ ነው። ልጅ ሆነን አያታችን ጋር ገጠር ስንሄድ ገና ጨዋታ ላይ እሱን የሚችለው አልነበረም፣ ዱላውን ወደ ኋላ ሲስበው አሁንም በዓይኔ ላይ አለ፣ እና ጎልፍ ሳላሳየው ቢመለስ ይቆጨኛል። አባል ሳይኮን የሚገባበት፣ ጀማሪ የማያስጨንቅ ሜዳ ንገሩኝ፣ አንድ ቀን ደግሞ ምርጥ የሚባለው ጋ ልውሰደው፣ የት ይሻላል?

ቤቲ ዘ ስፕሪንግፊልድ፦
እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድምህም በሰላም ይምጣልህ። ለጀማሪ ያለ ምንም ጥርጥር በርክ ሌክ። 18ቱም ጉድጓድ ፓር 3 ነው፣ ማለት በሦስት ምት ያልቃል የሚባል አጭር፣ ድራይቨር (የሩቅ መምቻው ዱላ) እንኳን አያስፈልግም፣ እኔ ሁለት አይረን፣ አንድ ዌጅና ፓተር፣ አራት ዱላ ብቻ ይዤ ነው የምሄደው፣ በእግርህ ትጨርሰዋለህ። መጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሜዳ ወስደውኝ ከኋላችን ያሉት ሰዎች ቶሎ በሉ ቶሎ በሉ እያሉ እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር የዋለው፣ ከዛ በኋላ ለስድስት ወር ዱላ አልነካሁም፣ ስለዚህ እባክህ በትንሹ አስጀምረው።
ትልቁን ካልክ ሎረል ሂል፣ ሎርተን። ድሮ የዲሲ እስር ቤት በነበረበት መሬት ላይ ነው የተሰራው፣ በ2005 ተከፈተ። እዛው ሎርተን ነው በ1917 የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶች ታስረው የተንገላቱት፣ እኔ ያንን ካወቅኩ ወዲህ እዛ ስጫወት ዝም ብዬ አላልፈውም። ሜዳው ዳገትና ቁልቁለት አለው፣ ካርት (የሜዳዋን ትንሽ መኪና) ያዙ።

ጋሼ ዲሲ፦
ልጆች፣ ጥሩ ተናግራችኋል ግን እዚሁ ዲሲ ያለውን ላንግስተንን ሳታነሱ? እኔ ዲሲ ከገባሁ 30 ዓመት አለፈኝ፣ ቤኒንግ ሮድን በታክሲ ስንት ሺህ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፣ አጥሩን አያለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር፣ አንድ ቀን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ከነዱላቸው ጫንኩና እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ያኔ ጥቁር ሰው ነጮቹ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ አይገባም፣ ዌክ ሮቢን የሚባል በ1937 የተቋቋመ የጥቁር ሴቶች ጎልፍ ክለብ አለ፣ እነሱና የወንዶቹ ሮያል ክለብ መንግስትን ወጥረው ይዘው ነው ላንግስተን በ1939 የተከፈተው፣ ያውም ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ፣ 18 የሆነው በ1955 ነው። ደግሞ እሱን አገኘን ብለው አልተቀመጡም፣ በ1941 ነጮቹ የሚጫወቱበት ኢስት ፖቶማክ ሄደው ገቡ፣ እየተሰደቡ ተጫወቱ፣ ከዛ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ ሜዳዎቹ ለሁሉም ክፍት ናቸው አለ። በ1975 ማስተርስ የሚባለው ትልቅ ውድድር ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው ሊ ኤልደር ራሱ ከሚስቱ ከሮዝ ጋር በኋላ ላንግስተንን ያስተዳድር ነበር። ሳሩ አንዳንድ ቦታ ሳስቷል፣ አልዋሽህም። ግን በጠዋት ሄዳችሁ ጤዛው ጫማችሁን ሲያረጥበው፣ ከኪንግማን ሌክ በኩል ዝይዎቹ ተሰልፈው ፌርዌዩን (የታጨደውን የሜዳ መሃል) ሲያቋርጡ፣ አንዱ ሽማግሌ ከሩቅ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ሲላችሁ... እኔ ሌላ ምርጥ አላውቅም። ወንድምህን እዛ ውሰደው ልጄ።

ኳስ በግሪን፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ታሪኩን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ጥያቄው ስለ ሜዳ ጥራትም ስለሆነ ልጨምር። ለአንድ ቀን ገንዘብ ላውጣ ካልክ ቡል ሮክ ነው፣ ሃቨር ደ ግሬስ፣ ከባልቲሞር አልፎ። ፒት ዳይ የሰራው ነው፣ ከ2005 እስከ 2009 የሴት ባለሙያ ተጫዋቾች ትልቅ ውድድር፣ ኤልፒጂኤ ቻምፒዮንሺፕ፣ እዛ ነበር የሚካሄደው። ግን ለጀማሪ አይሆንም፣ ይከብዳል፣ ኳስ ፍለጋ ትውላላችሁ። እኔ ብሆን ፍሬድሪክ አጠገብ ዊስኪ ክሪክ ነው የምወስደው። 18ኛው ጉድጓድ ላይ ፌርዌዩ መሃል የፈረሰ የድንጋይ ቤት ቆሟል፣ ድሮ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች የኖሩበት የእርሻ ቤት ነው፣ ሜዳውን ሲሰሩ አላፈረሱትም፣ ፌርዌዩ በግራና በቀኝ ዞሮት ያልፋል። ባለፈው መከር ቲ ላይ፣ መጀመሪያ የሚመታበት ቦታ፣ ቆሜ በቀኝ ልለፍ በግራ ስል ቆይቼ መታሁና ኳሷ ግድግዳው ስር ገባች፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ሽበት እያየሁ ወደ ጎን አወጣኋት፣ በሰባት ምት ጨረስኩ፣ ግን ከዛ ቀን ውጤት ይልቅ ያ ግድግዳ ነው ትዝ የሚለኝ።

ቤቲ ዘ ስፕሪንግፊልድ፦
ጋሼ፣ ዌክ ሮቢኖችን አለማወቄ አሳዘነኝ፣ በሚቀጥለው ላንግስተን ስትሄዱ እኔንም ጥሩኝ።
አንድ ነገር ልጨምር፣ ኢስት ፖቶማክም አይቅር። ሜዳው ልሙጥ ነው፣ ዝናብ ከዘነበ ውሃ ይተኛበታል፣ ግን የዋሽንግተን ሐውልት ከፊትህ፣ ከወንዙ ማዶ አውሮፕላኖቹ ሲያርፉ፣ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ፎቶው ራሱ ይበቃል። ሁሉም ቦታ ግን ከመሄድህ በፊት ክፍት መሆኑንና ቲ ታይሙን (የመጀመሪያ ሰዓትህን) ቼክ አድርግ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ለወንድሜ ትናንት ደውዬ የጋሼን ጽሁፍ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ “ያ ላንግስተን የምትለው ጋ ነው የምሄደው” አለኝ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በርክ ሌክ ላይ እናለማምደዋለን፣ ከዛ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ላንግስተን፣ ዊስኪ ክሪክ በመጨረሻ። ጋሼ፣ እሁድ ይመችዎታል? በአንድ ምድብ አራት ሰው ነው የሚፈቀደው፣ እኔ፣ ወንድሜ፣ ቤቲ ከመጣች አንድ ቦታ ቀርቷል፣ ለእርስዎ ይዤዋለሁ።