የታይሮይድ ኪኒኔን ከአይረንና ከካልሲየም ጋር እንዴት ላስማማው?

ሰላም ለሁላችሁ። የታይሮይድ ማነስ ያለባችሁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

38 ዓመቴ ነው። የታይሮይድ ኪኒኑን፣ ሌቮታይሮክሲን 75 ማይክሮግራም፣ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ቲኤስኤች (ታይሮይድ ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር) መጀመሪያ 14 ነበር፣ ወደ 5 ወርዶ ደስ ሲለኝ አሁን ተመልሶ 9 ገባ። አንድም ቀን አልዘለልኩም እኮ! ድካሙም ብርዱም ተመልሶ መጣ። ትናንት ማበጠሪያዬ ላይ የቀረውን ጸጉር ጠቅልዬ ሳየው እንቁላል ያህላል።

የጠረጠርኩት ነገር አለ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረን ታዘዘልኝ፣ እኔም በራሴ ጊዜ ካልሲየምና ለጸጉር ይሆነኛል ብዬ ባዮቲን ጨመርኩበት፣ ከዚያ ሁሉንም ጠዋት በአንድ ብርጭቆ ውሃ እውጥና ወዲያው ቡናዬን እጠጣለሁ። ለካ አይረንና ካልሲየም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል፣ 4 ሰዓት ያህል መራራቅ አለባቸው። ቡናም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። ባዮቲን ደግሞ የደም ምርመራውን ራሱን ሊያሳስት ይችላል። ኪኒኑን ስገዛ ይህን የነገረኝ ሰው የለም!

ባዮቲኑን ለጊዜው አቁሜዋለሁ። ግን አይረኑን ምሳ ላይ ነው የምትውጡት ወይስ ማታ? ካልሲየሙስ የት ይግባ? ሌቮታይሮክሲኑን ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ልትተኙ ስትሉ የምትወስዱ አላችሁ? ተስማማችሁ? ሐኪሜ ጋ ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። መጠኑን ይጨምርልኝ ከማለቴ በፊት ሰዓቱን አስተካክዬ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቼ ብመረመር ይሻላል ልበለው? ያያችሁትን ንገሩኝ።