የታይላንድ የመምህርነት ውል፦ 22 ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?

የአራት ኪሎዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር 6 ዓመቴ ነው። በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ ማታ ደግሞ ሁለት ልጆች ቤታቸው ሄጄ አስጠናለሁ። ሰሞኑን በወኪል በኩል ከባንኮክ ወጣ ካለ ትምህርት ቤት የቅጥር ውል ተላከልኝ። «በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ» ይላል። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ሳይቀር ነገርኳት። ትናንት እስታፍ ውስጥ ተቀምጬ ረጋ ብዬ ሳነበው ግን ዝቅ ብሎ «ከ7፡30 እስከ 16፡30 በግቢው መገኘት»፣ ከሥሩ ደግሞ «ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ሌላ ሥራ መሥራት» ይላል። 7፡30ን መጀመሪያ በእኛ ሰዓት ቆጥሬ የከሰዓት ፈረቃ መስሎኝ ነበር፣ አትሳቁብኝ። ደመወዙ 28 ሺህ ባህት፣ ውሉ የ10 ወር ነው። ትክክለኛው የሥራ ሰዓት የቱ ነው? ክፍለ ጊዜዬ ሲያልቅ መውጣት እችላለሁ? ቅዳሜስ?

ጠመኔ
እህቴ፣ 3 ዓመት እዚያ አስተምሬ አምና ነው የተመለስኩት። ሁለቱም እውነት ነው። 22ቱ ሰሌዳ ፊት የምትቆሚበት ነው፣ የሥራ ሰዓትሽ ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 10፡30 ነው። እኛ ጋ ስንገባም ስንወጣም አሻራ እንሰጥ ነበር። 2 ሰዓት ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ብሔራዊ መዝሙር አለ፣ የውጭ መምህርም ሰልፉ ላይ ይቆማል። ልጆቹን አሰልፎ ማስዘመር ለለመደ የእኛ አገር መምህር ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ስለመውጣት የደረሰብኝን ልንገርሽ። አንድ ቀን 8 ሰዓት ላይ ጨርሼ ቦርሳዬን አንግቼ ስወጣ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊዋ በር ላይ አገኙኝ። ፈገግ ብለው «ምሳ በላህ?» አሉኝ። በልቻለሁ ብዬ አመስግኜ ሄድኩ። በሳምንቱ ወኪሉ ደውሎ «ቅር ተሰኝተውብሃል» አይለኝም? ለካ ሴትዮዋ «ወዴት ነው?» እያሉኝ ነበር። ታይላንዶች ክሬንግ ጃይ የሚሉት ነገር አላቸው፣ የእኛ ይሉኝታ ነው በይው። ፊት ለፊት አይናገሩሽም፣ አንቺም ሰው ፊት እንድትናገሪያቸው አይወዱም። ፈረንጆቹ ባልደረቦቼ በዚህ ሲበግኑ እኔ ቶሎ ነው የገባኝ።

ጉዳቱ ምን መሰለሽ፣ ይሉኝታ ያለው ሰው ላይ ሥራው ይከመራል። ዓርብ ከሰዓት መጥተው «ነገ የእንግሊዝኛ ካምፕ አለ» ይሉሻል፣ አንቺም እምቢ ማለት ያቅትሻል። ስለዚህ በዓመት ስንት ቅዳሜ እንደምትሠሪና ክፍያ እንዳለው ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ። አንዴ ከሄድሽ በኋላ አፍሽ አይከፈትም።

ኮሪያ ኮሪያ
ለምን ኮሪያ አትሞክሪም? በጣም ይከፍላሉ።

ጠመኔ
ለእኛ አይሆንም ወንድሜ። ኮሪያ ኢ-2 የሚባለውን የቋንቋ መምህር ቪዛ ለእንግሊዝኛ የምትሰጠው ለ7 አገር ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ችሎታሽን አይደለም ፓስፖርትሽን ነው የሚያዩት።

የሒሳብ ሰው
እኔን ያሳሰበኝ ሰዓቱ ሳይሆን 10 ወሩ ነው። የእነሱ የትምህርት ዓመት ከግንቦት እስከ መጋቢት ነው፣ ከዚያ ረጅሙ እረፍት ይመጣል። የ10 ወር ውል ማለት እረፍቱ ላይ ደመወዝ የለም፣ የቤት ኪራይ ግን አለ። 28 ሺህ በ10 ሲባዛ 280 ሺህ፣ ለ12 ሲካፈል በወር 23,333 ባህት ገደማ ነው። ስታወዳድሪ ይሄን ቁጥር ያዢ። ሥራ ፈቃዱም ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ውሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ጠይቂ።

በነገራችን ላይ በቀን 9 ሰዓት፣ የምሳው ሲቀነስ በሳምንት 40 ነው። የእኛው አዋጅ 1156/2011 ጣሪያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አንቺ አሁን 30 ክፍለ ጊዜ፣ ደብተር እርማቱ፣ የማታ ጥናቱ ሲደመር ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ?

የአራት ኪሎዋ
ኧረ ተወኝ! አሁን ቆጠርኩት፣ ከ50 በላይ ሆነ። እርማቱን ሁሌ ቤት ስለምወስደው ሥራ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ደላላ ያቃጠለው
ስለ ሰዓት ከማውራታችን በፊት ወኪሉ ማነው? በየካቲት 2017 ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ተለቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ናቸው። የምን ቪዛ ነው ያለሽ?

የአራት ኪሎዋ
«በቱሪስት ግቢ፣ እዚህ እንቀይረዋለን» ብሎኛል።

ደላላ ያቃጠለው
በቃ፣ ተይው።

ጠመኔ
እኔ እንዲህ በአንዴ ተይው አልልም። ቱሪስቱን እዚያው ወደ ኖን-ቢ (ለሥራ የሚሰጠው ቪዛ) ማስቀየር አለ፣ የተቀየረላቸው ባልደረቦች ነበሩኝ። ግን ሥራ ፈቃድ ሳይወጣ ክፍል መግባት ሕገወጥ ነው፣ ከተያዝሽ አንቺ ነሽ የምትባረሪው። እስኪወጣ ድረስ በምን ትኖሪያለሽ? ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለቪዛ ደብዳቤ ጽፎ ይላክልሽና ከመነሳትሽ በፊት ኖን-ቢውን አውጪ። እውነተኛ ትምህርት ቤት የመምህርነት ፈቃድሽን ጉዳይም ያነሳል፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ካልሆነ ሰውም ቶይክ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውጤት ይጠይቃል፣ 600 ነው ዝቅተኛው። ወኪሉ ስለ ቶይክ አንስቶልሻል?

የአራት ኪሎዋ
አላነሳም።

ጠመኔ
እንግዲያው የትምህርት ቤቱን ስልክ ከወኪሉ አትቀበዪ። ራስሽ ፈልገሽ በመደበኛ ስልካቸው ደውዪና «እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ አላችሁ?» በይ።

የአራት ኪሎዋ
ስልኩን ትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ አገኘሁት። በ4 ሰዓት ይቀድሙናል አይደል? ነገ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት እደውላለሁ፣ እዚያ ረፋድ 4 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። እስከዚያ ለወኪሉ ምንም አልመልስም፣ ገንዘብም አልልክም።

ጠመኔ
ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ስልክ የሚያነሱት የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች እንግሊዝኛ ላይችሉ ይችላሉ። የእንግሊዝኛ ክፍሉን እንዲያገናኙሽ ጠይቂ። ያሉሽን እዚሁ ጻፊልን።