ብሎጌ ላይ የማንን ሊንክ ላስቀምጥ?

የመንቆረር ልጅ
እንደምን ዋላችሁ። ስለ ጎጃም ታሪክና እርሻ የሚጽፍ ብሎግ በብሎገር (በጉግል የብሎግ መድረክ) እያሰናዳሁ ነው። ጎን ላይ «እነዚህንም አንብቡ» ለሚል ዝርዝር 34 ሊንክ ተሰብስቧል፤ የታሪክ ብሎጎች፣ የጤፍና የንብ እርባታ ገጾች፣ ስለ ቅኔ ቤቶች የሚጽፉ፣ አምስት የቴሌግራም ቻናሎች፣ ሁለት የቆዩ የፒዲኤፍ ማከማቻዎች። ስንቱን ላስቀር? በምን ልምረጥ? «የእኔን አስገባ፣ ያንተን አስገባለሁ» ለሚሉትስ ምን ይባላል? ሊንክ ሲበዛ ጉግል ላይ ይጎዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

ደጀን በረሃ
34 ሊንክ ከተደረደረ ማንም አይከፍተውም። ሊንክ ማስቀመጥ ዋስ መሆን ነው፤ አንባቢው እዚያ ሄዶ ቢሳሳት የሚታማው የላከው ነው። እኔ ብሆን ከ10 አላሳልፍም።

ስታጣራ የፊት ገጹን አትመን። አምስት ጽሑፎች ክፈትና መልሱን አስቀድመህ በምታውቀው ነገር ፈትናቸው። የግሽ ዓባይን ምንጭ ከአውሮፓውያን መጀመሪያ ያየው ጀምስ ብሩስ ነው የሚል ገጽ ከሆነ ጸሐፊው ከሌላ ገልብጧል ማለት ነው፤ ብሩስ ምንጩ ያለበት ሰከላ የደረሰው በ1770 እ.ኤ.አ. ሲሆን ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 አይቶ ጽፎታል። ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተዋጉበትን የእምባቦን ጦርነት «በ1882» ብሎ ዝም የሚለውንም ተጠንቀቀው፤ በእኛ አቆጣጠር 1874 ዓ.ም. ነው። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሳይለይ የሚጽፍ ሰው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ዘመን ሁሉ በሰባትና በስምንት ዓመት ያዛባብሃል። ስለ ቅኔ የሚጽፈውን ደግሞ ዋድላ የተባለውን የቅኔ ቤት የት እንዳስቀመጠው እይ። ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው፣ ዋድላ የወሎ ነው፤ ሦስቱንም ጎጃም ውስጥ ካጎረ ዝለለው።

የእርሻ ገጾች ፈተና ሌላ ነው። የማዳበሪያ መጠን ሲሰጥ በጥማድ ይሁን በሄክታር ካልገለጸ አታስገባው፤ አንድ ሄክታር ወደ አራት ጥማድ ስለሚጠጋ ስህተቱ አራት እጥፍ ነው፣ ገበሬ ደግሞ ያነበበውን ያደርገዋል። አፈሩንም መለየት አለበት። ለዋልካ (ለጥቁሩ ሸክላማ አፈር) የሚሆነው ምክር ኖራ ለሚፈልገው ለአሲዳማው ቀይ አፈር አይሆንም።

አንድ ጽሑፍ አምስት ብሎግ ላይ ካገኘህ ባለቤቱን ፈልግ። ሰባት ስምንት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ቆርጠህ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጉግል ላይ አስገባ። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። ገልባጩ ሀን ሐ፣ ሰን ሠ፣ ጸን ፀ አድርጎ ጽፎት ከሆነ ፍለጋው አያገኘውም፤ እነዚህ ፊደላት የሚያንሱበትን ዓረፍተ ነገር ምረጥ። ቀኑ የሚቀድመውና ምንጩን የሚጠቅሰው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ነው። ሊንኩን ለእሱ ስጥ፣ የገለበጡትን ተዋቸው።

ጣና ዳር
ስለ ይዘቱ ደጀን በረሃ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ አሠራሩ።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ክፈት፣ በኮምፒዩተር አይደለም። አንባቢህ ያለው በስልክ ነው፣ የሚከፍለውም በሜጋባይት ነው። ፒዲኤፍ ከሆነ መጠኑን ከሊንኩ አጠገብ ጻፍ፤ «ፒዲኤፍ፣ 20 ሜ.ባ.» ብትል ማታ በዋይፋይ ያወርደዋል። ሳትነግረው ጥቅሉን ከጨረስክበት አይመለስም።

ሁለተኛ ፊደሉን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚያነቡበት መለያ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ በድሮ ፎንቶች የተጻፉ ገጾችና ፒዲኤፎች አሉ። አንድ መስመር ኮፒ አድርገህ ቴሌግራም ላይ ለጥፈው። አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ከመጣ አንባቢው ሊፈልገውም ሊገለብጠውም አይችልም። ያን ከማገናኘት ሐሳቡን አንተ በሁለት መስመር ጽፈህ ምንጩን መጥቀስ ይሻላል።

ሦስተኛ የሊንኩ ስም። ብሎገር ርዕስህ አማርኛ ሲሆን አድራሻውን «ብሎግ-ፖስት» ብሎ ቁጥር ይቀጥልበታል፤ ስለዚህ አድራሻው ራሱ ምንም አይናገርም። ዎርድፕሬስ ላይ ደግሞ የአማርኛ አድራሻ ሲቀዳ እያንዳንዱ ፊደል የፐርሰንት ምልክት ያለበት ዘጠኝ ሆሄ ይሆናል። እንዲህ ያለውን አድራሻ በእጅህ አታሳጥር፤ አንድ ሆሄ ብትጎድል ገጹ አይከፈትም። «እዚህ ይጫኑ» አትበል፣ «የጮቄ ተራራ የዝናብ መረጃ፣ በወር በወሩ» በል።

አራተኛ ቦታው። ብሎገር ላይ «ሌይአውት» ገብተህ «ብሎግ ሊስት» የሚባለውን ጋጀት ከመረጥክ በቅርብ የጻፈውን ወደ ላይ እያወጣ የመጨረሻ ርዕሱን ያሳያል። የሞተ ብሎግ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከተራው «ሊንክ ሊስት» የሚበልጠው በዚህ ነው። ግን «ኮንቴምፖ» በሚባለው ዲዛይን የጎን ዝርዝሩ ስልክ ላይ ሦስት መስመር ካለው የማውጫ ምልክት ጀርባ ይደበቃል። ሳይጫነው የሚያየው የለም።

ጉግልን በተመለከተ፣ ወደ ጥሩ ገጽ ማገናኘት አይጎዳም። የሚጎዳው ገንዘብ ተከፍሎበት «ስፖንሰርድ» የሚለው ምልክት የሌለው ሊንክና በጅምላ የሚደረግ ልውውጥ ነው። «ኖፎሎው» (ጉግልን «ይህን ሊንክ እንደ ድጋፌ አትቁጠረው» የሚለው ምልክት) ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ «ስፖንሰርድ» በ2019 ተጨመረ። ብሎገር ሊንክ በምታስገባበት ሳጥን ውስጥ ለ«ኖፎሎው» ምልክት ማድረጊያ አለው። ለማታምነው ገጽ ግን ምልክቱን ከማድረግ ሊንኩን መተው ይቀልላል።

ሰከላ
እኔ ከሁለታችሁም በአንድ ነገር እለያለሁ። የጎን ዝርዝር ይቅር ባይ ነኝ። ስለ ዋልካ አፈር በምትጽፍበት ገጽ ውስጥ፣ ጉዳዩ በተነሳበት ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ትክክለኛ ሊንክ ቢቀመጥ ጎን ላይ ከተደረደሩት አሥሩ ይበልጣል። አንባቢው ያኔ ነው የሚፈልገው። የብሎጉን የፊት ገጽም ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን አገናኝ።

«የእኔን አስገባ» ላሉህ፦ ወንፈል እርሻ ላይ ጥሩ ነው፣ ሊንክ ላይ አይሠራም። ወንፈል የወጣ ሰው ጉልበቱ እኩል ነው፤ እዚህ ግን ያንተ አንባቢ ለማይረባ ገጽ ይነዳል። ለጨዋነት «ስለዚህ ርዕስ ስጽፍ ካገዘኝ ጠቅሼ አገናኛለሁ» በላቸው። ጥሩ ጽሑፍ ካላቸው ሊንኩ ሳይለምኑ ይደርሳቸዋል።

ቴሌግራም ላይ ቻናሉን ሳይሆን የልጥፉን ሊንክ ቅዳ፤ የልጥፉ ቁጥር መጨረሻው ላይ ይታያል። ቻናሉ የሕዝብ መሆን አለበት፣ የግል ከሆነ አባል ላልሆነ ሰው አይከፈትም። ባለቤቱ የቻናሉን መጠሪያ ከቀየረ አሮጌውን መጠሪያ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ያኔ የእርሻ ምክር ብለህ የላክኸው አንባቢ ሌላ ነገር ላይ ያርፋል። ዋናውን ነጥብ እዚያው በጽሑፍህ አስፍረው፣ ሊንኩ ለማረጋገጫ ይሁን።

የመንቆረር ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መረጃው ጥሩ ሆኖ አንድ ቦታ የተሳሳተውን ገጽ ምን ላድርገው? አንዴ ከገቡ በኋላስ በየስንት ጊዜው ልያቸው?

ደጀን በረሃ
አገናኘው፣ ስህተቱን ከጎኑ ጻፍ፦ «ስለ ዘመቻው መንገድ ጥሩ ነው፣ ዓመቶቹ ግን በእ.ኤ.አ. ናቸው» ዓይነት። ለባለቤቱም አስተያየት መስጫው ላይ ንገረው፤ ካረመው ማስታወሻህን አንሳ። የማትስማማበትን ብሎግም በዚሁ መንገድ ማገናኘት ትችላለህ፣ ምኑን እንደማትቀበል ካልክ።

ጣና ዳር
በየሦስት ወሩ፣ በዓይንህ። የተበላሸ ሊንክ የሚፈልጉ ነፃ መሣሪያዎች 404 (ገጹ አልተገኘም) የሚመልሰውን ያገኙታል፤ የከፋውን ግን አያዩም። ዶሜይኑ (የድረ ገጽ ስሙ ኪራይ) ያልታደሰ ብሎግ ሌላ ሰው ይገዛውና የውርርድ ማስታወቂያ ይሞላዋል፣ መሣሪያው ደግሞ ገጹ ስለተከፈተለት «ደህና ነው» ይልሃል። ስለዚህ ሊንኩን በምታስገባበት ዕለት ገጹን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ «ሴቭ ፔጅ ናው» በሚለው አስቀምጥና የተቀመጠውን አድራሻ አንድ ፋይል ላይ ያዝ። ዋናው ሲሞት የምትተካው በእሱ ነው። ሁለቱን የፒዲኤፍ ማከማቻዎች ዛሬውኑ አስቀምጣቸው፣ እንዲህ ያሉት ቶሎ ይጠፋሉ።