«ውንጀላ» የሚለው ቃል በማን ላይ ይፈርዳል?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦ ሰሞኑን በከተማችን በተለጠፈ አንድ ማስታወቂያ ላይ በስርቆት ተጠርጥሮ ክስ እንኳ ያልተመሠረተበት ሰው «ወንጀለኛው» ተብሎ አነበብሁ። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ላልተረጋገጠ ነገር ሁሉ የምንጠቀምበት «ውንጀላ» ነው። ቃሉ የ«ወንጀል» ዘመድ በመሆኑ ወንጀሉን በሆዱ ይዞ ይመጣል። በምትኩ «አቤቱታ» ቢባል እመርጣለሁ፤ «አቤት!» ከሚለው ጩኸት የወጣ ስለሆነ ጯሂውን ያሳያል እንጂ የተጮኸበትን አይፈርጅም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ የቃሉን ዘር ተከትለው ልማዱን የዘነጉ ይመስለኛል። «ወነጀለኝ» የሚል ሰው ያላደረግሁትን አደረገ አለኝ ማለቱ ነው፤ «እውነቱን ወነጀለኝ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እንግዲህ ቃሉ አስቀድሞ የሚፈርደው በከሳሹ ላይ ነው። ተደፈርሁ ብላ ፖሊስ ዘንድ የቀረበች ሴት ቃሏ «ውንጀላ» ተብሎ ሲዘገብ፣ ማስረጃዋ ሳይሰማ ሐሰተኛ ተደርጋለች። «አቤቱታ» ደግሞ የመሬትና የደመወዝ ጉዳይ ይመስላል፤ «ክስ» ይበቃናል።

የሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፦ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ የተከታተለ የወሎ ሰው «ዳዕዋ» የሚለውን፣ ማለትም ለዳኛ የሚቀርበውን የይገባኛል አቤቱታ፣ ያውቃል። በዐረብኛ ሥሩ መጥራት ማለት ሲሆን፣ ለስብከት የምንለው «ዳዕዋ»ም ከዚያው ሥር የወጣ ወንድሙ ነው። ማስረጃ በከሳሽ፣ መሐላ በካጅ ላይ ነው የሚለው ደንብም አብሮት ይሄዳል። አንዱ ከ«አቤት»፣ ሌላው ከጥሪ መወለዳቸው ደስ ይላል፤ ሁለቱም ድምፅ ናቸው፣ ገና ፍርድ አይደሉም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦ ስለ ልማዱ ቦርከና ያሉትን ተቀብያለሁ፤ «ውንጀላ» በሁለቱም ወገን ይጎዳል። «ክስ ይበቃናል» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ በወንጀል ጉዳይ ክስ የሚባለው ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን አይቶ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ጽሑፍ ነውና። ከዚያ በፊት ሰውየው ተጠርጣሪ ነው። «አቤቱታ»ም ከወንጀል ሕግ ውጭ አይደለም፤ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች እንዳሉ ሕጉ ራሱ ይናገራል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ በዚህስ ረትተውኛል። ሆኖም አንድ ነገር ይጨመር፤ በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 142 መሠረት ተከሳሽ እንዲከላከል ሲታዘዝ፣ የእኛ ሰፈር «ተፈረደበት» ብሎ ያወራል። ትእዛዙ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መልስ የሚያሻው ነው ከማለት አያልፍም። ለማስታወቂያው ጸሐፊ ደብዳቤ የምንጽፍ ከሆነ «በስርቆት የተጠረጠረ» ብሎ እንዲያርም እንጠይቀው፤ «አቤቱታ» ለሚለው ቃል የሐይቋ እኅታችን ምን ይላሉ?

የሐይቅ ዳር (ሐይቅ)፦ ገና ማን አቤት እንዳለ አልተጻፈም። እሱ ይታወቅና እንጨምረዋለን።