ሆንዳ ኤስ2000 ክላሲክ ይሆናል? ማቆየት ወይስ መሸጥ?

ቀይ መስመር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2006 ሞዴል ኤስ2000 አለኝ፤ የሸራ ጣሪያው የሚታጠፍ የሆንዳ ስፖርት መኪና ነው፤ 78,000 ማይል ሄዷል፤ ያለው ቨርጂኒያ ነው። የተቀየረው ማርሚታውና ሞላዎቹ ብቻ ናቸው፤ የፋብሪካዎቹ ዕቃዎች በካርቶን ተቀምጠዋል። ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ሰብሳቢ የሚፈልገው መኪና ይሆናል? እስከዚያ አቁሞ ማስቀመጥ ይሻላል ወይስ መንዳት? ወደ አገር ቤት ማስገባትስ ይቻላል?

ካቴና፦
ይሆናል፤ እንዲያውም ጀምሯል። ብርቅ ስለሆነ ግን አይደለም። ከ1999 እስከ 2009 ባለው ጊዜ 110,000 ገደማ ተሠርቷል። የሚፈለገው በሞተሩ ነው። የመጀመሪያው ሞተር፣ ኤፍ20ሲ የሚባለው፣ ከ2.0 ሊትር ያለ ተርቦ 240 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር፤ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይደርሳል። ያንተው ሞተር ኤፍ22ሲ1 ነው፣ 2.2 ሊትር፤ ዙሩ ወደ 8,000 ግድም ወርዷል፣ ከታች ግን ይበልጥ ይጎትታል። ከነዚህ ጋር የመጣው ካምቢዮ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ብቻ ነው። ተርቦና አውቶማቲክ በነገሠበት ዘመን እንዲህ ያለ መኪና ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም።

ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚሻማው ሲአር የሚባለውን፣ ለሩጫ ሜዳ የተዘጋጀውን ልዩ ዓይነት ነው፤ እሱ ከ700 ያነሰ ነው የወጣው። በ2006 የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ በኤሌክትሮኒክ ስለተተካ አንዳንዱ የ2004 እና የ2005ቱን ይመርጣል። ለእኔ ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ስቲከሩ ነው። ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎዎቹ፣ በሮቹ፣ ባምፐሮቹና የሻንጣው ክዳን ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የታተመባት ትንሽ ስቲከር አለች። ሁሉንም በባትሪ መብራት አንድ በአንድ አንብብ። ቁጥር በሌለበት ቦታ «አር» የሚል ፊደል ካየህ ያ ክፍል ተቀይሯል ማለት ነው። ጭራሽ ከሌለች ደግሞ ወይ ተቀብቷል ወይ ተነቅላለች።

ስፔሶር፦
ካቴና ያለው ልክ ነው፤ ግን አካሉ ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ካለቀ ዋጋ የለውም። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ግድግዳ የብረት ሸሚዝ የለውም፤ ፋይበር የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው። እንደ ሌላው ሞተር በቀላሉ ቦር አስደርጎ (ሲሊንደሩን በማሽን አስፍቶ) ትልቅ ፒስቶን መክተት አይሆንም። ስለዚህ ዘይት ጎድሎበት ከተነዳ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው። ዘይት የመብላት ጠባይም አለው፤ ነዳጅ በሞላህ ቁጥር ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ሳብ አድርገህ እይ።

በዚህ ወር መሠራት ያለበት፦ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጁ ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ይለካል። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የአራቱ መቀራረብ ይበልጣል። አንዱ ከወረደ በዚያ ሲሊንደር አየር አስገብተህ አዳምጥ፦ በማርሚታ በኩል ከነፈሰ የጭስ ባልቦላው ነው፤ በሊቬሎ ቀዳዳ ከነፈሰ የፒስቶኑ ፋሻ፤ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ካነሳ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ከዚያ የባልቦላ ክፍተት፣ ማለትም በባልቦላውና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለው ቀጭን ቦታ። ሞተሩ አድሮ ፍጹም በቀዘቀዘበት ጠዋት ማስገቢያው ከ0.21 እስከ 0.25 ሚሊሜትር፣ ማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.29 ሚሊሜትር ይሁን። መመሪያው ከ100,000 ማይል በላይ ያስጠብቃል፤ ያን ያህል መጠበቅ ግን አይደገፍም። የማስወጫው ክፍተት በጊዜ እየጠበበ ይሄዳል፤ ባልቦላው ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ሲቀር ሙቀቱን የሚያስረክብበት ቦታ ያጣና ጠርዙ ይቃጠላል። ድምፅ ስለማያሰማ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ከጠበበ ይልቅ የላላ ባልቦላ ይሻላል፣ ቢያንስ ይንኳኳል።

በቀዝቃዛ ሞተር 2,000 ዙር አካባቢ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ያለ ድምፅ ከፊት ከመጣ የሞተሩ ሰንሰለት (ካቴና) መወጠሪያ ነው። ሞተር ሳይፈታ ይቀየራል።

አዲስ መንገድ፦
ስለ ማቆሙ ልጨምር። አቁሞ መተው ይገድለዋል። ባትሪው ላይ የማቆያ ቻርጀር ይሰካ። ጣሪያው ተዘግቶ ይቀመጥ፤ ታጥፎ ከከረመ ሸራው ይኮማተርና ጎኑ ላይ፣ ብረቱ በሚቆነጥጠው ቦታ ይቀደዳል። ከሸራው ሥር ያሉትን የውሃ መውረጃዎች አጽዳ፤ ከተደፈኑ ውሃው ከወንበሮቹ ጀርባ ይተኛል። በየሦስት ሳምንቱ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይነዳ። አስነስቶ ለ5 ደቂቃ መተው ዘይት ውስጥ እርጥበት ከማጠራቀም በቀር አይጠቅምም።

ቨርጂኒያ 25 ዓመት ለሞላው መኪና የአንቲክ ሰሌዳ ትሰጣለች፤ ላንተ በ2031 ማለት ነው። በዚያ ሰሌዳ ግን በየቀኑ ሥራ መመላለስ አይፈቀድም። አገር ቤት ማስገባቱን እርሳው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል።

ቀይ መስመር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስቲከሮቹን አየሁ፤ የግራ የፊት ፓራፋንጎ ላይ ብቻ «አር» አለ። ይህ ስንት ይጎዳዋል?

ካቴና፦
ፓራፋንጎ በቡሎን የሚታሰር ነው፤ የኋላው ጎን ቢሆን ይከፋ ነበር፣ እሱ ተቆርጦ ነው የሚበየደው። አሁን ኮፈኑን ከፍተህ ከፓራፋንጎው ሥር ያለውን የሻንሲ ብረት ከቀኙ ጋር አነጻጽር፤ መጨማደድ ወይም አዲስ ማስቲሽ ካለ ምቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ከሌለ የጥገናውን ደረሰኝ ፈልገህ ከፋብሪካው ማርሚታና ሞላዎች ጋር አስቀምጥ። ሰው ቀለም ቀብቶ ሊሸፍነው ቢልህ አትስማ፤ ስቲከሯም ትቆይ።