በእኔ ግማሽ ዋጋ ምንጣፍ የሚያጥቡ መጡብኝ፣ ዋጋ ልቀንስ ወይስ ልቆይ?

ባለማሽኑ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምንጣፍና ሶፋ እጥበት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራው ከአንድ ረዳት ጋር ነው። ማሽኔ ሙቅ ውሃ ረጭቶ ወዲያው መልሶ የሚመጥ ዓይነት ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሥራው ደህና ነበር። አሁን ግን እኔ በምሠራበት አካባቢ በግማሽ ዋጋ የሚያጥቡ ሁለት ቡድኖች ገብተዋል። ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ካሬው በስንት ነው?" ይለኛል። ስነግረው "ሌሎቹ በግማሹ ይሠሩልኛል" ይልና ይዘጋል።

ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። አንዲት የቆየች ደንበኛዬ በዋጋው ምክንያት ወደ እነሱ ሄደች። አልፈረድኩባትም። በሦስተኛው ቀን ደውላ ምንጣፉ አልደረቀም፣ ቤቱም መሽተት ጀምሯል አለችኝ። ሄጄ ጥጉን ገልጬ በጣቴ ስጫነው ከጀርባው ውሃ ወጣ። ጸጉሩ ደግሞ ሳሙናው ስላልወጣለት እጅ ላይ ይጣበቃል። በንጹህ ውሃ አለቅልቄ፣ ደጋግሜ መጥጬ፣ ማራገቢያ ተክዬ እስክጨርስ ግማሽ ቀን ሄደ። ስንት ላስከፍላት እንደሚገባኝም ግራ ገባኝ፣ መጨረሻ ላይ ምንም ሳልቀበል ወጣሁ።

20 በመቶ ልቀንስ እያልኩ ነው። ረዳቴን ማሰናበት በፍጹም አልፈልግም። እናንተ በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ?

ሱፍና ክር፦

ወንድሜ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተወውና ስልኩን አስተካክል። ሰው "ካሬው በስንት" ብሎ ሲጠይቅህ ቁጥሩን ብቻ ከነገርከው የሚያወዳድረው ቁጥር ከቁጥር ነው፣ ሌላ ምን በእጁ አለ? እኔ ዋጋ ከመናገሬ በፊት አራት ነገር እጠይቃለሁ። ምንጣፉ ሱፍ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ክር? ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው? የሚያስቸግር እድፍ አለ ወይ፣ ምን ነበር የፈሰሰበት? ቤት ውስጥ ድመት ወይም ውሻ አለ? ደዋዩ መልስ እየሰጠኝ እያለ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዳገኘ ራሱ ይገባዋል። ማንንም ማማት አያስፈልገኝም።

ጥያቄዎቹ ለማስመሰል አይደሉም። ሱፍ ኃይለኛ አልካላይን ሳሙና አይወድም፣ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካላይን መለኪያው ማለት ነው) ከ9 በላይ የሆነ ነገር ደጋግመህ ከተጠቀምክበት ክሩ ይደርቃል፣ ቀለሙም ይለቃል። ጀርባው ጁት፣ ማለትም እንደ ጆንያ ያለ የተክል ክር፣ የሆነ ምንጣፍ ውሃ ከበዛበት ሲደርቅ ቡናማ እድፍ ከስር ይወጣል። የድመት ሽንት ደግሞ ላዩን አጥበህ የምትገላገለው ነገር አይደለም። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታው ይመለሳል፣ ኤንዛይም ያለው፣ ማለትም ሽንቱን ራሱን የሚሰባብር፣ ማጠቢያ ይፈልጋል፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል። ይህን ሁሉ በአንድ የካሬ ዋጋ ከሰጠህ የምትከስረው አንተ ነህ።

ቤታቸው ስትደርስ ደግሞ ሥራህን አሳያቸው። መጀመሪያ በደረቁ በደንብ ቫኪዩም አድርግ፣ ምክንያቱም ምንጣፍ ውስጥ ካለው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ አፈርና አቧራ ነው፣ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆናል። ነጭ ጨርቅ አርጥበህ ጥግ ላይ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ሞክር፣ ባለቤቱም እያየ ይሁን። ሳሙናውን ረጭተህ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቅ። አለቅልቅ። ከዚያ ውሃ ሳትለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ምጠጥ። በርካሽ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚዘለው ቫኪዩሙን፣ ጥበቃውንና ይህን የመጨረሻውን ምጠጣ ነው፣ ሦስቱም ጊዜ ስለሚበሉ። ደንበኛህ ቤት ያየኸው የዚያ ውጤት ነው። በደንብ የተመጠጠ ምንጣፍ አየር ካገኘ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ይደርቃል። ሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ መጠበቅ ነው።

ለእሷ በነጻ በመሥራትህ ግን አልስማማም። እሱ እጥበት አይደለም፣ ማዳን ነው። ራሱን የቻለ ዋጋ ያስፈልገዋል።

ቁጥር ትወዳለች፦

የሂሳብ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ በጽዳት ሥራ ላይ ነው፣ ስለዚህ ይህን ጥያቄ ቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ አንስተነዋል። 20 በመቶ የሚለው ቁጥር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ቁጭ ብለን እንየው።

የአንድ ቤት ሥራ ዋጋህ 100 ነው እንበል። ለዚያ ሥራ ብቻ የሚወጣው፣ ማለትም ሳሙና፣ ነዳጅ፣ የረዳትህ የሰዓት ክፍያ፣ 50 ነው እንበል። 50 ይቀርሃል። ከዚህ ላይ ነው ማሽኑን የምትጠግነው፣ ስልክ የምትከፍለው፣ አንተም የምትኖረው። አሁን 20 ቀነስክ። ወጪህ ግን አልቀነሰም፣ ያው 50 ነው። የቀረህ 30 ብቻ ሆነ። ድሮ በ10 ቤት 500 ታገኝ ነበር። አሁን ያንኑ 500 ለማግኘት 17 ቤት ማጠብ አለብህ። 7ቱን ተጨማሪ ቤት የምታጥበው በየትኛው ቀን ነው? በየትኛው ወገብህ?

በግማሽ ልሥራ ብትል ደግሞ ከእያንዳንዱ ሥራ የሚቀርህ ዜሮ ነው። ተሯሩጠህ ለሳሙናና ለነዳጅ ሠርተህ መግባት ማለት ነው።

ተቃራኒውንም እይ። 10 ብትጨምር ከአንድ ቤት 60 ይቀርሃል። ከ10 ደንበኛ አንዱ ቢሄድብህ በ9ኙ 540 ታገኛለህ፣ ከበፊቱ ይበልጣል። ጨምር እያልኩህ አይደለም። ቁጥሮቹን ግን በራስህ ወጪ ተክተህ ሥራቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ሰዓት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ 9 ሰዓት ውጭ ብትሆን ማሽኑ የሚሠራው ምናልባት 5 ሰዓት ነው። ሌላው መንገድ፣ ዕቃ ማውረድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ቱቦ መዘርጋት፣ መልሶ መጫን ነው። ለእነዚህ ማንም አይከፍልህም። ስለዚህ የቀኑን ወጪ ስታካፍል ለ5 አካፍል። ለ9 ካካፈልክ ዋጋህ ገና ከጅምሩ የተሳሳተ ነው። የማሽኑንም እርጅና አትርሳ። አዲስ የሚገዛበትን ገንዘብ ይቆያል ብለህ ለምታስበው የሥራ ብዛት አካፍልና ከእያንዳንዱ ቤት ያቺን አንስተህ ለብቻ አስቀምጥ።

እንደገና አጣቢ፦

እኔ በዚያኛው ወገን ነበርኩ፣ በርካሽ ከሚያጥቡት። ስለዚህ በትክክል ምን እንደሚሆን ልነግርህ እችላለሁ።

በቀን 5 ቤት እንይዝ ነበር። ቫኪዩም አናደርግም፣ ጊዜ የለም። ሳሙናውን እናበዛዋለን፣ አረፋው ሲታይ ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ ምንጣፉም ለጊዜው ይሸታል፣ ጥሩ ጥሩ ይሸታል ማለቴ ነው። በሦስት ሳምንቱ ግን ከበፊቱ ብሶ ይቆሽሻል። የቀረው ሳሙና እኮ እንደ ሙጫ ከእግር ጫማ ላይ አቧራ ይይዛል። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ ማንም አላስተማረኝም። ተመልሰው የጠሩኝ ደንበኞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ በየቀኑ አዲስ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። አንድ ዓመት አካባቢ ስንሠራ ፓምፑ ተቃጠለ። ማሠሪያ ገንዘብ ስፈልግ የለም። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ነበረን፣ ሳጥኑ ውስጥ ግን ምንም የለም። አቆምኩ። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚያውቅ አጣቢ ዘንድ ተቀጥሬ ሙያውን ተምሬ ነው የተመለስኩት።

ስለዚህ እነዚያ ሁለት ቡድኖች በዚያ ዋጋ ብዙ መቆየታቸውን እጠራጠራለሁ። ግን እነሱ እስኪወጡ ተቀምጠህ አትጠብቅ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም። አንዳንዱ ከአንተ የሚያንስበት ምክንያት መንገድ ስለማያበዛ ነው። የአንድ አካባቢ ቤቶችን በአንድ ቀን ይሰበስባል፣ ዕቃውን አንዴ ጭኖ ሦስት ቤት ይጨርሳል። ይህን አንተም ማድረግ ትችላለህ። ለአንዱ ደንበኛ "ሐሙስ እዚያው አካባቢ ነኝ፣ ሐሙስ ከተመቸዎት ትንሽ እቀንስልዎታለሁ" በለው። ይህ ቅናሽ ከነዳጅህና ከሰዓትህ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳህም። ለምኖህ የምትሰጠው ቅናሽ ግን ከራስህ ኪስ ነው።

ዝቅተኛ ክፍያም አውጣ። አንዲት ትንሽ ምንጣፍ ለማጠብ ማሽን ተሸክመህ አራተኛ ፎቅ የምትወጣ ከሆነ የካሬው ሂሳብ ትርጉም የለውም። "ከዚህ በታች አልመጣም" የሚል ቁጥር ይኑርህ፣ ስልክ ላይም ሳታፍር ተናገረው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ አጣቢ አይደለሁም፣ አሳጣቢ ነኝ። ካያችሁት ከእኛ ወገን ደግሞ እንዲህ ነው።

ደውዬ ካሬው በስንት ነው የምለው ሌላ ምን እንደሚጠየቅ ስለማላውቅ ነው። ገንዘብ ቆጣቢ ሆኜ ብቻ አይደለም። የማጠቢያውን ዓይነት አላውቀውም፣ ፒኤች ምን እንደሆነ አላውቅም። ማወቅ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ? ልጆቼ መቼ ይረግጡታል? እድፉ ሲደርቅ ተመልሶ ቢወጣ ትመጣላችሁ ወይ?

አንዴ በጣም ርካሽ ብለው የመጡ ሰዎች ቤት ከገቡ በኋላ ይህ እድፍ ለብቻው ነው፣ ይህ ሽታ ለብቻው ነው እያሉ ሂሳቡን ከእጥፍ በላይ አደረሱት። ሶፋው ተገፍቶ፣ ዕቃው ኮሪደር ላይ ወጥቶ እንዴት ብዬ ሂዱ ልበላቸው? ከዚያ ወዲህ አስቀድሞ ጠቅላላውን በጽሑፍ የሚልክልኝን ሰው ነው የምጠራው፣ ከሌላው ቢወደድም። ወንድሜ ባለማሽኑ፣ አንተ ጠቅላላውን በመልእክት ትልካለህ?

ባለማሽኑ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እህቴ፣ እውነቱን ለመናገር አልልክም። የካሬውን እነግራለሁ፣ ሌላውን ቤት ስንደርስ እናየዋለን እላለሁ። ጽሑፍሽን ካነበብኩ በኋላ ያ አባባል ደንበኛ ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ገባኝ።

ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ደብተሬን አውጥቼ ሠራሁት። 14 ሥራ ነው የሠራሁት። 4ቱ ትንንሽ ነበሩ፣ መንገዱና ረዳቴ ሲቀነስ ምንም አልቀረኝም፣ አንዱ እንዲያውም ከኪሴ አስወጥቶኛል። ችግሬ ሌሎቹ ርካሽ መሆናቸው ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። እነዚያ 4 ሥራዎች ግን እነሱ ከመምጣታቸው በፊትም ያከስሩኝ የነበሩ ዓይነት ናቸው።

20 በመቶውን ትቼዋለሁ። ዝቅተኛ ክፍያ አውጥቻለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሁለት ዓይነት አገልግሎት ባወጣስ፣ አንዱ ቀለል ያለና ርካሽ፣ አንዱ ሙሉ? ቢያንስ ደዋዩ ወዲያው እንዳይዘጋብኝ።

ሱፍና ክር፦

ይቻላል፣ እኔም አለኝ። ግን የምትቀንሰው ምን እንደሆነ ተጠንቀቅ። ከርካሹ ላይ ማለቅለቁንና ምጠጣውን ከቀነስክ አንተም ያን እርጥብ ምንጣፍ ትተህ ትወጣለህ፣ ስምህም አብሮ። እኔ የምቀንሰው ስፋቱን ነው። ቀለል ያለው ሰው የሚመላለስበትን ክፍት ቦታ ብቻ ነው፣ ከባድ ዕቃ አላነሳም፣ ልዩ የእድፍ ሥራ የለውም። ሙሉው ዕቃ ማንሳት፣ ጠርዝና ጥግ፣ እድፍ፣ እንዲሁም እድፉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ከወጣ በነጻ መምጣት አለው። ሁለቱንም በአንድ መልእክት ላክ፣ ከእነ ጠቅላላ ዋጋቸውና ከእነ መድረቂያ ሰዓታቸው። የእኔ ደዋዮች ብዙዎቹ ርካሹን ፈልገው ደውለው ሙሉውን ይመርጣሉ።

የድሮ ደንበኞችህንም አትርሳ። ብዙ የምንጣፍ አምራቾች በየ12 እስከ 18 ወር በባለሙያ ይታጠብ ይላሉ። የታጠበበትን ቀን መዝግበህ ዓመት ሲሞላው ራስህ ደውል። እሱ ደንበኛ "ካሬው በስንት" አይልህም፣ ያውቅሃል።

ባለማሽኑ፦

ከደብተሬ ዓመት ያለፋቸው 31 ደንበኞች አገኘሁ፣ አንዳቸውንም ደውዬላቸው አላውቅም። ትናንት ማታ ለ6ቱ ደወልኩ፣ 2ቱ ቀን ያዙ። ያቺ ምንጣፏ የረጠበባት ደንበኛዬም ደውላ ነበር። ደርቋል፣ ሽታውም ጠፍቷል። ሶፋውን ደግሞ ቅዳሜ ና አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ጠቅላላ ዋጋውንና የሚደርቅበትን ሰዓት ጽፌ ላኩላት፣ እሺ ብላ መለሰችልኝ።