ጎርጋትስን በየትኛው አልበም ልጀምር? ያለኝ 300 ሜጋ ብቻ ነው

የአዘዞው (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ከጎንደር አዘዞ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ውስጡ ጎርጋትስ የሚባል የካናዳ ዴዝ ሜታል (በጉርምርምታ የሚዘፈን ከባድ የሮክ ዓይነት) ባንድ አልበም አለ፣ «ኦብስኪዩራ» ይላል። «እንደነሱ የለም፣ ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ነው» ብሎኝ ሄደ። ሦስት ቀን ሞከርኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጊታሩ ዘይት ያላየ የቆርቆሮ በር ሆነብኝ። ለዴዝ ሜታል አዲስ አይደለሁም፣ «ዴዝ» እና «ኦቢችዋሪ» የሚባሉትን ባንዶች እሰማለሁ። የድሮዎቹ አልበሞቻቸው ይቀላሉ ሲባል ሰማሁ። እስከ እሁድ ያለኝ ዳታ 300 ሜጋ ነው። የቱን ላውርድ?

ሌላው ነገር፣ እማዬ ድምፁን ሰምታ ክፍሌን ጠበል ረጭታዋለች። ግጥሙ የሰይጣን ነው እንዴ? ምን ልበላት?

የማራኪ ልጅ
የአክስትህ ልጅ ቤቱን ከጣራው ነው ያሳየህ። «ኦብስኪዩራ» በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ሦስተኛ አልበማቸው ነው። እኔም መጀመሪያ ሳምንት ሙሉ ተሳድቤበታለሁ።

በመጀመሪያው ጀምር፣ «ኮንሲደርድ ዴድ» ይባላል። 1991 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኛ ጋ ደርግ የወደቀበት ዓመት። ልጆቹ ከሸርብሩክ፣ ኪዩቤክ ተነስተው ፍሎሪዳ ድረስ ወረዱና ታምፓ ባለው ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ከፕሮዲውሰሩ ስኮት በርንስ ጋር ቀዱት። ዴዝም ኦቢችዋሪም እዚያው፣ ከዚሁ ሰውዬ ጋር ሠርተዋል። ስለዚህ ድምፁን ገና ስትሰማ ታውቀዋለህ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደግሞ ጄምስ መርፊ በእንግድነት ሶሎ ይጫወታል። አንተ በምትሰማቸው በሁለቱም ባንዶች ውስጥ የነበረ ጊታሪስት ነው። መክፈቻው ግን እንዳያሳስትህ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ለስላሳ ጊታር ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ።

ዳታውን አስልቼልሃለሁ። በ320 ጥራት (በሰከንድ 320 ኪሎቢት) አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋ ይበላል። አልበሙ 40 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ 96 ሜጋ አካባቢ ይወስድብሃል። ሁለት አልበም አውርደህም 100 ይተርፍሃል። ቪዲዮ ብቻ እንዳትከፍት፣ እሱ ጠራርጎ ነው የሚበላህ።

ባለ ክራሩ
የማራኪው ልጅ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ምርጫው ላይ ግን አልስማማም። «ኮንሲደርድ ዴድ» ጥሩ ነው፣ ግን በዚያ ዘመን እንደሱ ያሉ ብዙ ነበሩ። ባንዱ ራሱን ያገኘው በሁለተኛው ነው፣ «ዘ ኢሮዥን ኦፍ ሳኒቲ»፣ 1993 እ.ኤ.አ.። ይሄኛውን አገራቸው ኪዩቤክ ውስጥ ነው የቀዱት። አንድ ሪፍ (የሚደጋገም የጊታር ሐረግ) ለመድኩት ስትል ጥሎህ ሌላ ይገባል። ሁለተኛ ስትሰማው ግን የትም እንዳልሄደ ይገባሃል። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ሉክ ለሜ በኋላ ክላሲካል ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው። ያ ዝንባሌ እዚህ ላይ ብቅ ማለት የጀመረ ይመስለኛል።

ለምን አልታወቁም ላልከው፣ ከዚህ አልበም በኋላ አሳታሚያቸው ሮድረነር ለቀቃቸው። ቀጣዩ አልበም እስኪወጣ 5 ዓመት አለፈ። አምስት ዓመት የጠፋን ባንድ ማን ያስታውሳል?

ደግሞስ አዝማሪ እየሰማህ ያደግህ የጎንደር ልጅ አይደለህ? አንቺ ሆዬ ቅኝትን አስብ። ከዶ ብትነሳ ዶ፣ ሬ ቢሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ ነው። ከዶ ወደ ሬ ቢሞል ያለችው ጠባብ እርምጃና ከዶ ወደ ሶል ቢሞል ያለው ዝላይ የዴዝ ሜታል እንጀራ ናቸው። አንድ ናቸው እያልኩህ አይደለም፣ ማሲንቆ የሚመታ ጓደኛዬ ይሄን ቢያነብ ይገለኛል። ግን ጆሮህ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም።

አራዳ 12
ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው? ለቅርጫ የቀረበ በሬ ነው እንጂ።

የማራኪ ልጅ
በሬውም ቢሆን ምት ይጠብቃል።

እህታችሁ ከፒያሳ
የእናትየውን ነገር ዘለላችሁት። ወንድሜ፣ የሁለቱ አልበሞች ግጥም በአብዛኛው ሬሳ፣ በሽታ፣ እብደት ነው። አስቀያሚ ነው፣ አልዋሽህም፣ ግን የሰይጣን ውዳሴ አይደለም። «ሙሾ ነው» በላት፣ ግማሹ እውነት ነው። በጾም ግን እባክህ በስፒከር አትክፈተው። ክብር ነው።

ደግሞ የስልክ ስፒከር ቤዙን ስለማያወጣው ጩኸቱ ብቻ ይቀራል። እማማንም ያስደነገጣቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ርካሽም ቢሆን ኢርፎን ግዛ። ከአዘዞ ፒያሳ በሚኒባስ ስትመጣ አትጀምረው፣ የሞተሩ ድምፅ ወፍራሙን ጊታር ይውጠዋል። ማታ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ይሻላል።

የአዘዞው (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቱንም አወረድኩ፣ 90 ሜጋ ምናምን ተረፈኝ። ጄምስ መርፊን ገና ሲጀምር አወቅኩት! ጋሼ ባለ ክራሩ፣ ሁለተኛውን ሁለቴ ሰምቼዋለሁ፣ ገና እየታገልኩ ነው፣ ግን አልጠላሁትም። «ኦብስኪዩራ» ፍላሹ ላይ ይቆይ።

ኢርፎን ሳልገዛ በፊት የመጀመሪያውን አልበም መክፈቻ እማዬ በር ላይ ቆማ ሰማችው። «እሰይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስማ እንጂ» አለችኝ። ሁለተኛው ዘፈን ሳይገባ ዘጋሁት።